ምዕራፍ ሰባት፦ የዴስዴሞና ሁለት ድምፆች

ዴስዴሞና ቀና ብላ ባሏን ታያለች፤ ትናገራለች። ፊቷ የካናዳዊቷ ተዋናይ የሱዛን ክሉቲዬ ነው፤ ድምፁም የእሷው ነው። ተመልካቹ ይህን ቅጂ ዘግቶ በዚያው ሣጥን ውስጥ ያለውን ሁለተኛውን ቅጂ ቢከፍት ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ ብርሃን፣ ያንኑ ፊት ያገኛል። ከንፈሮቿ እንደ ቀድሞው ይንቀሳቀሳሉ። የሚሰማው ድምፅ ግን የሌላ ሴት ነው፤ ስኮትላንዳዊቷ ጉድሩን ዩር ናት የምትናገረው።

ፊልሙ የኦርሰን ዌልስ «ኦቴሎ» ነው። ሁለቱን ቅጂዎች አንድ ላይ አድርጎ በብሉ ሬይና በዲቪዲ ያወጣው ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2017 ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ዌልስ ከሞተ 32 ዓመት ሆኖት ነበር። ፊልሙ ካን ላይ ታላቁን ሽልማት ካገኘ ደግሞ 65 ዓመት። ይህን ያህል ጊዜ የፈጀው ለምንድን ነው? አንዲት ተዋናይስ እንዴት ሁለት ድምፅ ሊኖራት ቻለ? መልሱን ለማግኘት ከሣጥኑ ወጥቶ ወደ ሞሮኮ የባሕር ዳርቻ መሄድ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1949 ዌልስ ሞጋዶር በምትባለው የሞሮኮ ከተማ (የዛሬዋ ኤሳዊራ) ተዋንያኑንና የካሜራ ባለሙያዎቹን ሰብስቦ ሥራ ሊጀምር ተዘጋጅቶ ነበር። ገንዘቡን ሊያወጣ የተስማማው ስካሌራ የተባለው የጣልያን ኩባንያ በዚያው ሰሞን ከሰረ። ከጣልያን ይመጣሉ የተባሉት አልባሳትም አልመጡም። ተዋንያኑ በሰው አገር፣ የሚለብሱት አጥተው ቁጭ አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ ይመለስ ነበር። ዌልስ ግን የኦቴሎ ምክትል ካሲዮ የሚቆስልበትንና ሮደሪጎ የሚገደልበትን ትዕይንት ቀድሞ ለመቅረጽ ወሰነ። በሼክስፒር ተውኔት ይህ የሚሆነው በጨለማ መንገድ ላይ ነው። ዌልስ ወደ እንፋሎት መታጠቢያ ቤት አዛወረው። ገላውን የሚታጠብ ሰው ካባ አያስፈልገውም፤ ፎጣ ይበቃዋል። የመድረክ ንድፍ ባለሙያው አሌክሳንደር ትራውነር የከተማዋን የዓሣ ገበያ ወደ መታጠቢያ ቤት ለወጠው፤ በእንፋሎት አጠኑት። ተንኮለኛው ኢያጎ በእንጨት ወለሉ ስንጥቅ ሰይፉን እየሰደደ ከሥር የተደበቀውን ሮደሪጎን ይወጋል። በዚህ ፊልም ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ትዕይንት ይህ ነው፤ የተወለደውም ልብስ ከመጥፋቱ ነው። ኋላም የከተማዋ ልብስ ሰፊዎች የቬኒስ ሠዓሊ የካርፓቾን ሥዕሎች እያዩ አልባሳቱን ሰፉ።

የነበረው ገንዘብ ግን ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር። ዌልስ ባለቀበት ቁጥር ሥራውን አቁሞ በሌሎች ሰዎች ፊልም ላይ ሊተውን ይሄዳል፤ ተከፍሎት ይመለሳል። «ዘ ሰርድ ማን» እና «ዘ ብላክ ሮዝ» የዚያ ዘመን ሥራዎቹ ናቸው። ተዋንያኑ በየአገራቸው ይበተናሉ፤ ከወራት በኋላ ሲጠሩ ይመለሳሉ። ኢያጎን የተጫወተው የደብሊኑ ጌት ቴአትር መሥራች ሚሆል ማክ ሊያሞር ይህን መከራ በማስታወሻ ደብተር ሲከትብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1952 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። ከዌልስ ጋር የቆየ ትውውቅ ነበራቸው፤ ዌልስ በ16 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1931 ከባለሙያዎች ጋር መድረክ ላይ የወጣው በዚሁ ሰው ቴአትር ቤት ነበር።

ይህ የችግር ታሪክ ብቻ ሆኖ ቢቀር እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ባልገባ። ቁም ነገሩ ችግሩ የፊልሙን ቋንቋ መፍጠሩ ነው። ሁለት ተዋንያን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ፊት ለፊት ተገናኝተው የማይነጋገሩ ከሆነ አዘጋጁ ንግግራቸውን የሚሠራው በቅንብር ጠረጴዛ ላይ ነው። ኢያጎ ከቬኒስ አጠገብ ባለችው የቶርቼሎ ደሴት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነሣል፤ በሚቀጥለው እርምጃው ሞሮኮ፣ ማዛጋን ከተማ (የዛሬዋ ኤል ጃዲዳ) ፖርቱጋሎች በሠሩት የከርሰ ምድር የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በመሃሉ ባሕርና አህጉር አለ። ተመልካቹ የሚያየው አንድ ሰው አንድ ደረጃ ሲወርድ ነው። ሮደሪጎ በአንድ አገር ካሲዮን በእርግጫ ይመታል፤ አጸፋውን የሚቀበለው ሌላ አገር ላይ ነው። ዌልስ ራሱ ይህን ኋላ ላይ በደስታ ይተርከው ነበር።

የማዛጋኑ የውኃ ጉድጓድ ጎብኚዎች የሚያውቁት ቦታ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት ዓምዶች በመደዳ ቆመዋል፤ ወለሉ ላይ ስስ ውኃ ተኝቷል፤ ብርሃን የሚገባው ከላይ ካለው ክብ ቀዳዳ ነው። ውኃው ዓምዶቹን ገልብጦ ያሳያል። ዌልስ የስካሩን ጠብ እዚያ ውስጥ ሲቀርጽ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሆነ፦ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ተዘቅዝቆ። ሰዎቹ ሲሮጡ ውኃው ይፈነዳል፤ የተዘቀዘቁት ሰዎች ይሰባበራሉ።

ፊልሙ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ከጨለማ ውስጥ የሞተው የኦቴሎ ፊት ተገልብጦ ብቅ ይላል፤ የፒያኖ ከባድ ምት ይሰማል፤ መዘምራን ይቀበላሉ። የኦቴሎና የዴስዴሞና አስከሬን በግንቡ አናት ላይ በሰልፍ ያልፋል፤ ሰዎቹ ጥቁር ጥላ ብቻ ናቸው፣ ሰማዩ ነጭ ነው። ኢያጎ አንገቱ በሰንሰለት ታስሮ ይጎተታል፤ የብረት ጎጆ ውስጥ ተጥሎ በግንቡ ላይ ወደ ላይ ይሰቀላል። ጎጆው ይወዛወዛል። እስከዚህ ድረስ አንድም ገጸ ባሕርይ ቃል አልተናገረም። የሼክስፒር ተውኔት ግን የሚጀምረው በሁለት ሰዎች ክርክር ነው።

የዌልስ ሥራ ሙከራ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መድረክ ላይ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ የሚችለውን ተውኔት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አደረገው፤ ቃሉን ያለ ርኅራኄ ቆረጠ፤ የቆረጠውን በግንብ፣ በጥላ፣ በብረት ፍርግርግና በማዕበል ተካው። ለሼክስፒር ቃል የሚቆረቆሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሃያስያን በጊዜው ይህን አልወደዱለትም። ቅሬታቸው መሠረት አለው፤ ኦቴሎ ወደ ቅናት የሚወርድባቸው አንዳንድ ደረጃዎች ተዘለዋል። ነገር ግን ሌላ ሰው ተውኔቱን በዚህ መልኩ አሳይቶ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ኦቴሎ ሲሞት ካሜራው ከወለሉ ወደ ጣሪያው ቀዳዳ ያንጋጥጣል፤ ከላይ ሆነው የሚመለከቱት ሰዎች ፊት ይታያል፤ ከዚያ ክዳኑ ይዘጋል። መቃብር ከውስጥ ሲታይ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንመለስ። ሁለት አገር ላይ በቁርጥራጭ የተቀረጸ ምስል ድምፁም አብሮ ሊቀረጽ አይችልም። የባሕሩ ነፋስ አለ፣ መሣሪያው የለም፣ ተዋናዩ የለም። ስለዚህ አብዛኛው ንግግር ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀድቶ በምስሉ ላይ ተለጠፈ። ዌልስ ከራሱ በቀር የሌሎችንም ሰዎች ንግግር ተናግሯል። ከንፈርና ቃል በየቦታው እኩል አይገጥሙም።

በጣልያንኛ ድምፅ የተሠራው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1951 መጨረሻ ሮም ላይ ታየ። እንግሊዝኛው በ1952 ካን ቀረበ። ዌልስ አሜሪካዊ ቢሆንም ፊልሙ የተመዘገበው በሞሮኮ ስም ነበር፤ ያን ጊዜ ሞሮኮ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። ታላቁን ሽልማት ከጣልያናዊው ሬናቶ ካስቴላኒ ፊልም ጋር ተካፈለው። በዚህ ቅጂ የፊልሙን መግቢያ፣ የባለሙያዎቹን ስም ጭምር፣ የሚናገረው የዌልስ ድምፅ ነው፤ ጽሑፍ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1955 ፊልሙ አሜሪካ ሲገባ አከፋፋዩ ዩናይትድ አርቲስትስ ስሞቹ ተጽፈው እንዲታዩ ጠየቀ። ዌልስ እጁን ካስገባ አይቀር ሌላም ሌላም ነካ። ቅንብሩን እዚህም እዚያም አስተካከለ፤ በራሱ ድምፅ ትረካ ጨመረ፤ የክሉቲዬን ድምፅ ከዳር እስከ ዳር አውጥቶ የጉድሩን ዩርን አስገባ። ዩር እ.ኤ.አ. በ1951 ለንደን መድረክ ላይ ከእሱ ጋር ዴስዴሞናን ተጫውታለች፤ ቃሉን በልቧ ታውቀዋለች። ክሉቲዬ ፊቷ ቀረ፣ ድምፅዋ ሄደ።

ልብ ማለት የሚገባው ሁለቱም ቅጂዎች የዌልስ መሆናቸውን ነው። ስቱዲዮ ከእጁ ቀምቶ የቆራረጣቸው ፊልሞች አሉት፤ ይህ ግን ከእነዚያ ወገን አይደለም። አንድ ሰው አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ ጨረሰ። እንግዲህ «ዋናው» የትኛው ነው? ሲኒማ ቤት ውስጥ ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ የመጣውን ማየት ነው። ቤት ውስጥ የሚታይ ካሴት ወይም ዲስክ የሚያሳትም ሰው ግን አንዱን መምረጥ አለበት፤ የመረጠውም ለብዙ ሺህ ሰው ፊልሙ ራሱ ይሆናል።

የመጀመሪያው ትልቅ ምርጫ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የዌልስ ልጅ ቢያትሪስ ዌልስ በበላይነት የተከታተለችው እድሳት የተነሣው ከ1955ቱ ቅጂ ነው። ምስሉ ታጥቦ ጸዳ። በድምፁ ላይ ግን የተሠራው ከማጽዳት ያለፈ ነበር። የፍራንቼስኮ ላቫኚኖና የአልቤርቶ ባርቤሪስ ሙዚቃ ከአሮጌው የድምፅ መስመር በጆሮ ተለቅሞ በኖታ ከተጻፈ በኋላ ቺካጎ ውስጥ በአዲስ ኦርኬስትራ በስቴሪዮ ተቀረጸ። ንግግሩም ከከንፈር ጋር እንዲገጥም ተሳበ፣ ተሳሰበ። የቺካጎው ሃያሲ ጆናታን ሮዘንባም ይህን አጥብቆ ነቀፈ፤ ይህ ዌልስ የሠራው ድምፅ አይደለም የሚል ነበር ክርክሩ።

እዚህ ላይ ሃያሲው ልክ ነው። የአሮጌው ፊልም ድምፅ በአንድ መስመር፣ በፊልሙ ጠርዝ ላይ እንደ ቀጭን የብርሃን ጥለት የተቀረጸ ነው። ሙዚቃው፣ ማዕበሉ፣ ንግግሩ ሁሉም በአንድ ጠባብ በር ይወጣሉ። ዌልስ የሬዲዮ ሰው ነበር፤ በዚያ ጠባብ በር ምን እንደሚያልፍ ከማንም በላይ ያውቃል። ሙዚቃውን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ንግግሩን ከሥሩ እንዳለ መተው ሚዛኑን ያፈርሳል። እድሳት ጉድፍን ማንሣት ነው እንጂ ባለቤቱ ቢኖር ይህን ይወድ ነበር ብሎ መጨመር አይደለም። በሌላ በኩል ያ እድሳት ባይኖር ፊልሙ ለአዲስ ትውልድ አይደርስም ነበር፤ ሲኒማ ቤት የመለሰው እሱ ነው፤ ለረጅም ዓመታት በካሴትና በዲቪዲ የታየውም እሱው ነው።

ክራይቴሪየን በ1990ዎቹ አጋማሽ የ1955ቱን ቅጂ በሌዘር ዲስክ አውጥቶ ነበር። ሌዘር ዲስክ እንደ ሙዚቃ ሸክላ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ሰሌዳ ነው። በሕግ ክርክር ምክንያት ከገበያ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ የአሜሪካ ተመልካች በቀላሉ የሚያገኘው «ኦቴሎ» የ1992ቱ ነበር። በዚያ ውስጥ የምትናገረው ዴስዴሞና ደግሞ ጉድሩን ዩር ናት። የካኑን ቅጂ፣ ማለትም የክሉቲዬን ድምፅ፣ የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ።

የ2017ቱ ሣጥን ዋጋ ከዚህ ይመነጫል። ሁለቱም ቅጂዎች በ4ኬ ተነበቡ። ይህ ማለት ማሽኑ እያንዳንዱን ምስል ሲያነብ በአግድም አራት ሺህ ገደማ ነጥቦች ይለቅማል ማለት ነው። ብሉ ሬይ ላይ ሲቀመጥ ወደ 1080 መስመር ይወርዳል። ለማነጻጸር የአሜሪካ ዲቪዲ 480 መስመር አለው፤ የቪኤችኤስ ካሴት ደግሞ ጥራቱ ከዚያ ግማሽ ያህል ነው። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው ጥቁሩ ነው። ዌልስ ብዙውን ትዕይንት የሠራው በጨለማ ውስጥ ባለች ስስ ብርሃን ነው፤ በካሴት ዘመን ያ ሁሉ ጨለማ አንድ ጭቃ ነበር። አሁን የሮደሪጎ ነጭ ትንሽ ውሻ በእንፋሎቱ መካከል ለብቻዋ ትለያለች፤ የግንቡ ድንጋይ ቀዳዳ ቀዳዳው ይታያል።

ጥራቱ ስፌቱንም ያሳያል። በሪሞት እያቆመ የሚያይ ሰው የትኛው ግድግዳ ሞሮኮ፣ የትኛው ጣልያን እንደሆነ መለየት ይጀምራል። ንግግር የማይገጥምባቸው ቦታዎችም እንዳሉ ቀርተዋል። አሳታሚው እነሱን አለማስተካከሉ ሊመሰገንበት ይገባል።

ከፊልሙ ጋር ከገቡት ተጨማሪዎች ውስጥ አንዱ ራሱን የቻለ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዌልስ ለምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን «ፊልሚንግ ኦቴሎ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ሞቪዮላ በሚባለው የቅንብር መሣሪያ አጠገብ ተቀምጦ በዚያ ወፍራም ድምፁ ያወራል። ከማክ ሊያሞርና የዴስዴሞናን አባት ብራባንሲዮን ከተጫወተው ሂልተን ኤድዋርድስ ጋር ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ቅናት ይከራከራሉ፤ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ወይን፣ ሼክስፒር። ማክ ሊያሞር በዚያው ዓመት አረፈ። ዌልስም ጨርሶ ያቀረበው የመጨረሻው ረጅም ፊልም ይህ ሆነ። ሣጥኑ ውስጥ ስለ ሱዛን ክሉቲዬ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራ ዘጋቢ ፊልምም አለ፤ ድምፅዋ የተወሰደባት ተዋናይ እዚያ ውስጥ በራሷ አንደበት ትናገራለች።

ሌላው ተጨማሪ የሼክስፒር ምሁሯ የአያና ቶምፕሰን ቃለ ምልልስ ሲሆን፣ ርእሰ ጉዳዩ ዘር ነው። ይህ መታለፍ የሌለበት ነገር ነው። ኦቴሎ ጥቁር ጀግና ነው፤ ዌልስ ነጭ ነው፤ ፊቱን አጥቁሮ ተጫወተው። ጥቁሩ አሜሪካዊ ፖል ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1943 ብሮድዌይ ላይ ኦቴሎን ተጫውቶ ታላቅ ዝና ካገኘ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። የሚገርመው ዌልስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1936 ሃርለም ውስጥ «ማክቤዝ»ን በጥቁር ተዋንያን ብቻ ያዘጋጀ ሰው መሆኑ ነው። ያ ዝግጅት የመንግሥት የቴአትር ፕሮጀክት ሥራ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ይኸው ፕሮጀክት ስለ ጣልያን ወረራ «ኢትዮጵያ» የሚል ተውኔት አዘጋጅቶ ነበር፤ የውጭ አገር መሪዎችን መድረክ ላይ ማሳየት ተከልክሎ ለሕዝብ ሳይታይ ቀረ።

ለአማርኛ አንባቢ ኦቴሎ እንግዳ አይደለም። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንም «ሐምሌት»ንም ወደ አማርኛ መልሷቸዋል፤ በአማርኛው መድረክ ላይ ኦቴሎ ፊቱን ቀለም መቀባት አላስፈለገውም። የጸጋዬን ትርጉም ያነበበ ሰው የዌልስን ፊልም ሲያይ በሁለት መንገድ ይጠቀማል። አንደኛ፣ የተቆረጠው ቃል የት እንደነበረ ያውቃል። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛው በፍጥነት ሲያልፍበት ነገሩ አይጠፋበትም፤ ዓይኑን ለምስሉ ይለቅቃል።

ሣጥኑን ለመግዛት ያሰበ አንባቢ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ክራይቴሪየን ለአሜሪካ ገበያ የሚያወጣቸው ብሉ ሬዮች የሪጅን ኤ ቁልፍ አላቸው። አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ የተመደቡት በሪጅን ቢ ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሮም ወይም ወደ ዱባይ የሚልከው ዲስክ በተራው ማጫወቻ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ከመግዛት በፊት ማጫወቻው ሁሉንም ሪጅን የሚቀበል መሆኑን ማጣራት ይበጃል።

ዲስኩ እጁ የገባለት ሰው በ1952ቱ ቅጂ ይጀምር፤ የዌልስ ድምፅ ስሞቹን ሲጠራ እየሰማ ይግባ። ሲጨርስ የ1955ቱን ከፍቶ ዴስዴሞና ከመገደሏ በፊት ከኢያጎ ሚስት ከኤሚሊያ ጋር ወደምትነጋገርበት ትዕይንት ይሂድ። እዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከንፈሯን እያየ፣ ሁለቱን ሴቶች አንድ በአንድ ያዳምጥ።